የእትዬ ጽጌ ጥርጣሬ

ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ደጋግሞ ቢጠይቀው ዝም ያለ አንድ ወጣት ነበር። ሾፌሩ ዞር ብሎ «ተወው፣ ሲፈልግ ይሰማል!» አለና ሁላችንንም አሳቀን። እኔ ግን የልጁን ዓይን ቆብ አብጦ እንደሆነ ማየት ጀመርኩ። ይህን ልማድ ያስያዘኝ የአሰላው በቀለ ነው።

ደርግ ጊዜ ነው። ትምህርት ያቋረጥኩ፣ ግጥም ራሴን ያስተማርኩ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ለቀበሌው የኪነት ቡድን ስለምጽፍ ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምሉ ለጊዜው ትተውኛል። በዚህ የተነሳ የሠፈሩ እናቶች ጆሮ ጠቢ ነው ብለው ጠረጠሩኝ። የባሱት የጓደኛዬ የበቀለ እናት፣ እትዬ ጽጌ ነበሩ። ቤታቸው ስገባ ወሬ ይቋረጣል።

«እህ፣ የቀበሌው ባለቅኔ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትለቅም መጣህ?» ይሉኛል።

እትዬ ጽጌ ሰውን ሁሉ የሚጠረጥሩበት ምክንያት ነበራቸው። ታላቁ ልጃቸው ወርቁ ከሮቤ ልጅ አገባ። ከሠርጉ በኋላ በመጣው ክረምት ፊቱ፣ ከዚያ እግሩ አበጠ፤ ሽንቱ እንደ ቡና አተላ ጠቆረ፤ መስቀልን ሳያይ ሞተ። «መርዝ አብልታው ነው» አሉ እናቱ። ሚስቱን ዘውዲቱን ሠልስቱ ሳይወጣ ወደ አባቷ ቤት አባረሯት። ከዚያ ወዲህ በቀለን ከሰው ቤት እህል እንዳይቀምስ ከለከሉት፤ መራራ ማርከሻም እያስቀመሙ ያጠጡት ነበር።

በቀለም ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ያብጣል፤ ቀትር ላይ ይጎድላል። ወርቁን በአንድ ክረምት የጨረሰው ነገር እሱን ለዓመታት ቀስ እያለ ይዞት ኖሯል። ጆሮውም ከበድ አለ። እኔ አላመንኩትም። ግጥም ሳነብለት በ«ስ» የሚያልቁትን ቤቶች «አይገጥሙም» ይለኛል። ቅናት ነው ብዬ ነበር።

ገብስ በሚወቃበት ወቅት የበቀለ ስም ከዘማቾቹ ጋር ተጠራ። እናቱ «ልጄ አይሰማም፣ ታማሚ ነው» ብለው ቀበሌው አዳራሽ ገቡ። ሊቀመንበሩ በቀለን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አቆመው። መጀመሪያ አንዲት የወጣት ማኅበር ልጅ በቀጭን ድምፅዋ ጠራችው። አልዞረም። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ ራሱ በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ ዝግ ብሎ፣ «በቀለ» አለ።

በቀለ ዞረ።

«የወንድ ይሰማል፣ የሴት አይሰማም!» አለ ሊቀመንበሩ። «ይሄማ የኔም በሽታ ነው፤ ሚስቴን ጠይቁ!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ሰኞ መኪናው ላይ ይወጣል።»

እኔም ተነቃበት ብዬ ነበር። ወደ ቤት ስሄድ ግን እነዚያ በ«ስ» የሚያልቁ ቤቶች ትዝ አሉኝ። «ስ»ም እንደ ልጅቷ ድምፅ ቀጭን ነው። ያኔ ማንም ሳይፈትነው ለምን ያስመስላል? ተመልሼ እናቱን ሆስፒታል እንውሰደው አልኳቸው።

«ማነው የላከህ?» አሉኝ እትዬ ጽጌ። ቢሆንም መጡ።

ሐኪሙ የበቀለን ሽንት መረመረና ከዘመድ እንዲህ የሆነ ሰው እንዳለ ጠየቀ።

«ወንድሙ። እሱን ግን አብልተውት ነው።»

«የእርስዎ ወንድሞችስ?»

እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «አንዱ… ጆሮው አይሰማም ነበር። በጎረምሳነቱ አብጦ ሞተ።»

«እንግዲህ እማማ፣ ይህ ኩላሊትና ጆሮን አብሮ የሚይዝ፣ ብዙ የማይታይ በሽታ ይመስለኛል። በዘር ይመጣል። እናት ሳትታመም ይዛው ልትኖር ትችላለች። ወንዶች ልጆቿን ግን አንዱን ቶሎ፣ አንዱን ቀስ ብሎ ይጥላል። በእርስዎም ሽንት ውስጥ ደም ካገኘሁ ቀበሌው ድረስ ሄጄ አስረዳለሁ።»

ከእኔ ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው። ደሙ ከተገኘ በቀለ ይቀራል። ዘውዲቱ ግን ንጹሕ ትሆናለች። ለሽንት የተሰጣቸውን ብልቃጥ በመዳፋቸው ይዘው አግዳሚው ላይ ብዙ ቆዩ።

«ያበላሁት እኔ ነኛ» አሉና ተነሥተው ገቡ።

ለዓይን የማይታይ ደም ነበር፤ ሐኪሙ በማጉያ መነጽሩ አየው። ሰኞ መኪናው ያለ በቀለ ሄደ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ «አንተ የቀበሌ፣ ሮቤ ታደርሰኛለህ?» አሉኝ። በእህል ጫኝ መኪና ሄድን፤ ነፋሱ የታጨደውን ማሳ ገለባ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። ዘውዲቱ በሩን ከፈተችልን። አስገባችን፤ አስቀመጠችን። ጠላ ቀዳች፤ እንግዳ እንዳይጠረጥር እንደ ወጉ ትንሽ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ልትቀምስ ስትል እትዬ ጽጌ እጇን ያዙት።

«አትቅመሺ፣ ልጄ።»

ጣሳውን ተቀብለው እስከ አተላው ጨለጡት።

በቀለ ከዚያ በኋላ የኖረው ጥቂት ነው። እናቱ ግን አርጅተው፣ በእርጅና ነው የሞቱት። አንድ ደም ለምን እንዲህ እንደሚያዳላ ሐኪሞች አስረድተውኛል፤ ገብቶኛልም። የዚያን ቀኑን ጣሳ ግን እስከ ዛሬ አሰላስለዋለሁ። ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት አሽትተውት ነበር። ያኔ ጥርጣሬያቸው የለቀቃቸው መስሎኝ ነበር። አሁን፣ የያኔ ዕድሜያቸውን ካለፍኩ ወዲህ፣ እንደዚያ አይመስለኝም። እየጠረጠሩ ነው የጠጡት።