በአዴ ሀሊማ ሞት ለግርማ አለቀስን

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው በተሰበሰበበት መናገርም አይሆንልኝም። ባለፈው፣ በቀይ ሽብር ጊዜ የተገደሉት ልጆች አጽም ወጥቶ በክብር በተቀበረ ዕለት፣ እናቶችና እህቶች እየተነሱ ስለ ሟቾቻቸው ሲናገሩ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ከኋላ ቆሜ ቀረሁ። በአፌ ያልሆነልኝን በወረቀት ልሞክረው ብዬ ነው። የምጽፈው ያኔ ድሬዳዋ ከእኔ ጋር ልጅ ለነበራችሁ ነው።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከደቻቱ ወንዝ ብዙ አይርቅም ነበር። ወንዝ ስል አሸዋ ማለቴ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፍ ይወርድበታል እንጂ በቀረው ጊዜ ደርቆ የልጆች ሜዳ ነበር። ወንዶቹ ኳስ ይጫወታሉ፣ እኛ ሱዚ እንዘላለን። ቀትር ላይ አሸዋው እግር ያቃጥላል፤ ያን ጊዜ ወንድሜ ግርማ በትከሻው ተሸክሞ ያሻግረኝ ነበር። ግርማ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ሰፊ ሱሪውን ማታ ፍራሹ ሥር አስተኝቶ ጠዋት የተተኮሰ መስሎ ሲወጣ፣ እናቴ «ይኸው፣ ሙሽራው ወጣ!» ትለው ነበር። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ሳላውቀው ነው የሞተው። ፊደል ያስቆጠረኝም ግርማ ነው።

ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤት ነበር፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የአዴ ሀሊማና የልጇ የአብደላ። «አዴ» እናት እንደማለት ነው። አዴ ሀሊማ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጥ ነበር። ማታ ስትመለስ ሄልና ቀረፋ እየሸተተች ትገባለች፤ «ኢንታላ ቲያ፣ ልጄ ነይ» ብላ ከሽርጧ ጫፍ ፈትታ ዘይቱን ትሰጠኛለች። ግርማ ሲወለድ እትብቱን የቆረጠችው እሷ ናት። ስለዚህ ሲያጠፋ እናቴን ሳትጠይቅ ትቆጣው ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለ ታጣቂዎች መጥተው ግርማን ወሰዱት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስንቅ እናመላልስ ጀመር። እናቴ ምግቡን በሳህን አድርጋ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ እስር ቤቱ በር ላይ ከሌሎች እናቶች ጋር ትሰለፋለች። ሳህኑ ባዶውን ከተመለሰ ልጁ አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ግን ዘበኛው ሳህኑን እንደተቋጠረ መልሶ ገፋላትና «ከእንግዲህ ስንቅ እንዳታመጪ» አላት። ሰልፍ ላይ የነበሩት ሴቶች ሁሉ መሬት መሬት አዩ። የዚያ ቃል ትርጉም በዚያ ዘመን ለማንም አይነገርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። እናቴ ሳህኑን አቅፋ እስከ ቤት ሄደች።

የዚያኑ ዕለት ከቀበሌ አንድ ሰው መጣ። አልተቀመጠም። «ለፀረ አብዮት አይለቀስም። ድንኳን የለም፣ ጥቁር የለም። ድምፅሽ ከዚህ አጥር ካለፈ ይቺን ትንሿን አስቢ» አላትና በጣቱ እኔን አሳያት።

ጎረቤት ለለቅሶ መምጣት ስለማይችል በሰበብ ይመጣ ነበር። አንዷ «ወንፊትሽን ልመልስ ብዬ ነው» ብላ ትገባለች፤ እናቴ ወንፊት አውሳት አታውቅም። ወንፊቱን ሰጥታት፣ እጇን ጨብጣ፣ ትንሽ ቆይታ ትወጣለች። ሌላዋ ጨው ልትበደር ትመጣና ጨው ይዛ ትገኛለች። በሳምንቱ የእኛ ያልሆነ ሦስት ወንፊት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። እናቴ ግን አላለቀሰችም። አፉ ድረስ የሞላ እንስራ እንደተሸከመ ሰው ተጠንቅቃ ነበር የምትራመደው። ድምፅዋ እየሟሸሸ ሄደ፣ እህል አልወርድ አላት። ስብሰባ ተጠርታ አጨብጭቢ ስትባል ታጨበጭባለች። እኔ እናቴም ልትሞት ነው ብዬ ፈራሁ፤ ሌላ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ወራት እንዳለፉ አዴ ሀሊማ ደረቷን ታማ ተኛች። አንድ ከሰዓት እናቴ አጥሚት ይዛላት ስትገባ እኔም ተከትዬ እግርጌ ተቀመጥኩ። በድሬዳዋ አንቱታ ብዙ አይታወቅም፤ ሁለቱም አንቺ ነበር የሚባባሉት።

«አልማዝ፣ አንቺ እኮ እስካሁን አላለቀስሽም» አለቻት አዴ ሀሊማ።

«ተከልክሏል፣ አዴ።»

«ያ ነገር ይገድልሻል። አሁን ስሚኝ። እኔ እንግዲህ መሄዴ ነው።»

«አዴ፣ እንዲህ አትበይ።»

«ዝም በይና ስሚኝ! ሞቴን ሰጥቼሻለሁ። በእኔ አስታከሽ ልጅሽን አልቅሺው። ቢጠይቁሽ ጎረቤቴ ሞታ ነው በያቸው። ለጎረቤት ማልቀስን ገና አልከለከሉም።»

አብደላ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «እማ፣ ሸኹ እኮ ለሞተ ሰው መጮህ ሐራም ነው ይላሉ» አላት።

«የሚጠይቀኝ አላህ ነው፤ እዚያው ሄጄ እመልስለታለሁ። አንተን ምን አገባህ? ይልቅ ውሃ አምጣልኝ!» ብላ አባረረችው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ «እትብቱን በዚህ እጄ ነው የቆረጥኩት። የእኔም ለቅሶ ነው» አለቻት።

ብዙም ሳትቆይ አንድ ጠዋት አረፈች። በእስልምናው ሥርዓት የዚያኑ ዕለት ሊቀብሯት ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቁርኣን ይቀራሉ፤ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እነሱ ዘንድ ደረት መምታትና መጮህ የለም። ሰው ስለተሰበሰበ ከቀበሌ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃ አንግቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ደቻቱ ላይ ከግርማ ጋር ኳስ ይጫወት ነበር።

እናቴ ደጃፉን እንዳለፈች «እናቴ! እናቴ!» ብላ ጮኸች። ያ ድምፅ ከዚያች ቀጭን ሰውነት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ደረቷን መታች፣ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ደነገጡ፤ ግን ማንም ዝም በይ አላላትም። አለቀሰች፣ አለቀሰች፤ በመጨረሻ ራሷን መግዛት አቃታትና «ግርማዬ! ግርማዬ!» አለች።

አብዮት ጠባቂው ፊቱን ወደ ውስጥ መለሰ። እኔ ከእናቴ ጀርባ ሆኜ ቀሚሷን ጨብጬ ነበር።

ያን ጊዜ ከሐርላ የመጣችው የአዴ ሀሊማ እህት፣ እስከዚያ ድረስ መቁጠሪያ ሙስባሓዋን ስትቆጥር የቆየች አሮጊት፣ ሙስባሓዋን ጣለችና «ሀሊማ! ወይ ሀሊማ!» ብላ ጮኸች። ከእሷ አጠገብ ያለችው ተከተለች። ከዚያ ሁሉም። በዕድሜያቸው ለሞተ ሰው ጮኸው የማያውቁ ሴቶች ያን ቀን ጮኹ፤ የእናቴ ድምፅ በእነሱ ውስጥ ጠፋ። በመስኮት ሸኹን አየኋቸው። ብድግ አሉ። አሁን ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ሽርጣቸውን አጥብቀው መልሰው ተቀመጡና ቁርኣኑን ከመጀመሪያው ይልቅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ።

አብዮት ጠባቂው አብደላን «ማንን ነው የጠራችው?» አለው።

«አቦ፣ እዚህ ቤት የሞተችው እናቴ ናት» አለው አብደላ። «ሌላ የሞተ ሰው ካለ፣ የምታውቀው አንተ ነህ።»

አብዮት ጠባቂው ወጣና ከአጥሩ ውጭ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ይናገራል ብለን ብዙ ቀን በፍርሃት ከረምን። የመጣ የለም። ለምን እንደተወን ዛሬም አላውቅም። እናቴ በማግሥቱ አንድ ዳቦ በላች። ድምፅዋም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ዛሬ ያ ሁሉ አልፏል። አብደላ የእናቱን የገበያ ቦታ ለእኛ ሰጥቶን እኔ ቀፊራ ቅመም እሸጣለሁ። አጽሞቹ በተቀበሩ ዕለት በድምፅ ማጉያ ተለቀሰ፤ ከልካይ አልነበረም። ነገር ግን አዲሶቹ ጎረቤቶቻችን የት እንደምንሄድ እንኳ አልጠየቁንም። ማልቀስ በማይቻልበት ዘመን የሚያለቅስልን ሰው ነበረን፤ አሁን ማልቀስ ሲፈቀድ እያንዳንዱ በሩን ዘግቶ ይኖራል። ሰውን መውቀሴ አይደለም፤ እንዲያው ይናፍቀኛል።

በዚያ ዕለት የአጽሞቹ ሳጥኖች ላይ ስም አልነበረም። እናቴ የትኛው የእሷ እንደሆነ ስላላወቀች በደረሰችበት ሁሉ እጇን እያሳረፈች አለፈች። ስንመለስ ደከማትና መንገድ ዳር ተቀመጠች። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ። በዚያ ቅዳሜ ያልጠየቀችኝ ይመለሳል ብላ ነበር፤ በኋላ ደግሞ መስማቱን ፈራችው መሰለኝ።

«ሲወስዱት አንቺ ነበርሽ። ምን አለሽ?»

ያኔ መናገር ያቃተኝን ነገርኳት። እሷን እየጠበቅን ስለነበር የምሳው ድስት ገና አልተከፈተም። ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘውታል። ግርማ እጁን አስለቅቆ ጎንበስ ብሎ የቀሚሴን ቁልፍ ቆለፈልኝና እንዲህ አለኝ፦

«እማዬ ስትመጣ፣ ምሳውን በልቶ ነው የሄደው በያት።»