ከጭቃ የሠራሁት ወንድሜ

ዛሬም ቆርኪ ሲንኮሻኮሽ ስሰማ፣ እትዬ ጫልቱ ከወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶው ወለል ላይ ስታፈሰው ይታየኛል። ናዝሬት ውስጥ፣ ከቀበሌያችን አዳራሽ ጎን በነበረችው ባለ አንድ ክፍል መዋዕለ ሕጻናት፣ መቁጠር የተማርነው በለስላሳና በቢራ ቆርኪ ነበር፤ ሀ ሁን ደግሞ በከሰል ባጠቆረችው ጣውላ ላይ እየጻፈች ታስነብበን ነበር። አስተማሪያችን እትዬ ጫልቱ የአርሲ ልጅ ነበረች፤ «ኮታ!» (ኑ) ብላ ስትጠራን ኦሮምኛ የማናውቀውም ሳንቀር ሮጠን እንከባት ነበር።

መስከረም ላይ ስገባ ስድስት ዓመት አልሞላኝም። አባታችን ገና ዳዴ ስል ስለሞተ፣ ቤት ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ ወንድሜ ታደሰና እኔ ብቻ ነበርን። እናቴ ከሁሩታ ስንዴና ገብስ እያስመጣች ገበያ ትሸጥ ነበር፤ ታደሰ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ይፈልግ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ የምናልፋቸውን የጋሪ ፈረሶች እያስቆጠረኝ፣ ክፍሌ በር ድረስ የሚያደርሰኝ እሱ ነበር።

ኅዳር ገብቶ የናዝሬት ነፋስ አቧራውን እያነሳ ዓይን አላስገልጥ ሲል፣ ታደሰ እኔን ማድረስ ተወ። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቶች ይታፈሱ ስለነበር እናቴ ከቤት እንዳይወጣ ከለከለችው። በር በተንኳኳ ቁጥር ጓዳ ከተደረደሩት የእህል ጆንያዎች ጀርባ ገብቶ ይኮራመት፣ እናቴም አንድ ጆንያ ገፍታ ትከልለውና ነጠላዋን አስተካክላ ትከፍት ነበር። «የታል ልጅሽ?» ሲሏት «ሁሩታ እህቴ ዘንድ ሄዷል» ትላለች። ለእኔም «ማንም ቢጠይቅሽ ሁሩታ ሄዷል በይ፤ ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ» አለችኝ። አልወጣኝም። አባቷ የአብዮት ጥበቃ የነበረው ጓደኛዬ ሙሉ እንኳ ስትጠይቀኝ፣ ዓይኗን እያየሁ ሁሩታ ሄዷል አልኳት።

የካቲት ላይ አንድ ቀን እትዬ ጫልቱ በባልዲ ጥቁር ጭቃ አምጥታ «በሉ ቤታችሁን ሥሩልኝ» አለችን። ሌሎቹ ላምና ጋሪ ሲሠሩ፣ እኔ ጭቃውን እያድቦለቦልኩ ጆንያ በጆንያ ላይ ደረደርኩ፤ ከጀርባቸው አንድ የተኮራመተ ሰው አስቀመጥኩ፤ ከፊታቸው ደግሞ አንዲት ሴት አቆምኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሙሉ «ይሄ ከኋላ ያለው ማነው?» አለችኝ።

«ወንድምየው ነው። እናትየዋ ግን ሁሩታ ሄዷል ትላለች።»

እትዬ ጫልቱ ለካ ከጀርባችን ቆማለች። ጎንበስ አለችና ጆንያዎቹንም፣ ሰውየውንም፣ ሴትየዋንም በመዳፏ ጨፈላልቃ አንድ ድቡልቡል ጭቃ አደረገቻቸው። የልጅ ሥራ አበላሽታ የማታውቅ ሴት ነበረችና ጮኼ አለቀስኩ። «ሙሉዬ፣ ሂጂ ውሃ አምጪልኝ» ብላ ጓደኛዬን አስነሳቻትና፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣኝ እጄን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ድረስ ይዛኝ መጣች። «እትዬ አበበች፣ ልጅዎ በአፏ አልተናገረችም» አለቻት እናቴን። «ግን ዛሬ ሁሉንም በጭቃ ሠርታዋለች፤ የጥበቃውም ልጅ አይታለች። ልጁን ከዚህ ቢያርቁት ነው የሚሻለው።» እናቴ አልተቆጣችኝም፤ ባዶ ጆንያዎች ለቅማ ማጠፍ ጀመረች።

በማግስቱ ማለዳ ታደሰ የእውነት ወደ ሁሩታ ተነሳ። እናቴ እህል ነጋዴ እንዲመስል ባዶ ጆንያዎች አሸከመችው። ከመውጣቱ በፊት ጉንጬን ስሞ «አሁንስ ከብደሻል፤ ስመለስ አንቺ ነሽ የምትሸከሚኝ» አለኝና ሳቅኩ። አውቶቡሱ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ኬላ ላይ አስቆሙት፤ ወጣቶቹን ሁሉ አወረዷቸው። ወሬውን ያመጣችልን አብራው የተሳፈረች የገብስ ነጋዴ ነበረች። ሙሉ ግን ለአባቷ ምንም አልነገረችም ኖሯል፤ ሰውየው ታደሰ መያዙን ሲሰማ «እንዴ፣ ሁሩታ አልነበረም?» ብሎ እናቴን ጠየቃት።

ግንቦት ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ክፍል ውስጥ ጭቃ ሲቀርብ እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ እቀመጥ ነበር። እናቴ እትዬ ጫልቱን መንገድ ላይ ካየቻት ወዲያ ማዶ ትሻገር ስለነበር፣ ሁለቱንም በመውደዴ እኔ አፍር ነበር። አንድ ቀን ልጆቹ ሲወጡ ቀርቼ «እትዬ፣ ያን ቀን ባልሠራው ኖሮ ታደሰ ይኖር ነበር?» አልኳት።

«እኔ እናንተ ቤት ባልመጣ ኖሮ ይኖር ነበር» አለችና ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች።

በዚያ ክረምት ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ደረሰን፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ዘመተ ተባለ፤ ከዚያ ዓመታት ዝም አለ። መንግሥት ሲለወጥ የሚመለሱትን ወታደሮች ልታይ እናቴ ክረምቱን ሙሉ በየማለዳው አውቶቡስ ተራ ትቆም ነበር። በመጨረሻ አብሮት የነበረ አንድ ልጅ ቤታችንን አጠያይቆ መጥቶ መርዶውን ነገረን።

ለቅሶው ላይ እትዬ ጫልቱ መጥታ ድንኳኑ በር ላይ ዝናብ እየመታት ቆመች፤ መግባትም መመለስም አቃታት። እናቴ ቀና ብላ አየቻት። «ጫልቱ፣ ምን ያቆምሻል? ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» አለቻት። ገብታ ተቀመጠች፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው አለቀሱ። ክስ የሚመስል ቃል ከማናቸውም አልሰማሁም።

አሁን ልጄን አዳማ መዋዕለ ሕጻናት የማደርሳት እኔ ነኝ። ክፍሏ ባለ ቀለም ፕላስቲክ መጫወቻ ሞልቶታል፤ አስተማሪዋም ልወስዳት ስሄድ እየሳቀች «ዛሬ ደግሞ አባቷ ሶደሬ ዋና ሲለማመድ ውሃ እንዴት እንደጠጣ አሳየችን» ትለኛለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። የቤታችንን ነገር ለሰው እንዳታወራ አስጠንቅቄያት አላውቅም። እናቴ እንደ ልጄ ያለች ሕፃን አፏን እንድትይዝ ማስተማር ነበረባት፤ እኔም ተምሬ ነበር፤ የእኔዋ ግን ማንም መጥቶ ቢጠይቃት የምትደብቀው ሰው የላትም።