በድምፅ ማጉያ የጠፋችው ልጅ

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ደባርቅ ውስጥ አንድ ድምፅ ማጉያ ነበር። ሌላም ኖሮ ከሆነ እኔ አላየሁትም። ከትምህርት ቤታችን ጣሪያ ላይ አፉን ወደ ገበያው መንገድ አዙሮ ተሰቅሏል፤ የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። ጠዋት ጠዋት ዜናና መዝሙር ያሰማል። ቀበሌው የሚናገረው ሲኖረውም ይዋሰዋል። በቅሎ የጠፋችበት፣ ለስብሰባ የሚጠራ፣ ገበያ መሐል የሚያለቅስ ሕፃን ያገኘ፣ ሁሉም ጉዳዩን የሚያስነግረው በዚያው ነው።

በገበያ ቀን፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ለተማሪዎች ተሰጠን። ያቺን ጊዜ እኔና አብራኝ የምትቀመጠው የመሪጌታ ልጅ ወሰድናት። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ታነባለች። ድምፅዋ እንደ አባቷ ነው፤ ማጉያ ባይኖርም አጥር ይሻገራል።

ታሪካችን እንዲህ ነበር። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አክስቷን ልትጠይቅ ወደ ቡይት ራስ ትወጣለች። መንገድ ላይ ጉም ይሸፍናታል። ጉሙ ሲገለጥ ዘመኑ ሌላ ነው፤ ጎንደር ላይ ነገሥታት የሚኖሩበት ዘመን። እስከዚህ ድረስ መጻፉ አልከበደኝም። ችግሩ የመጣው ወደ ደባርቅ ስናወርዳት ነው። የመኪናው መንገድ በዚያ ዘመን የለም። የቆርቆሮ ጣሪያም የለም። ወታደር ሲያባርራት ባሕር ዛፍ ላይ አውጥቼ ልደብቃት ስል የመሪጌታ ልጅ አባቷን ጠይቃ መጣች፤ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ገና አልገባም። ልጅቱን ከዛፉ አውርደን ኮሶ ላይ ሰቀልናት። ኮሶ ከጥንትም ነበረ።

በታሪኩ ሦስተኛ ክፍል የንጉሡ ሠራዊት ደባርቅ ሜዳ ሰፍሮ አገኘችው። ንጉሡ ፊት ሲያቀርቧት እጅ ነሥታ «ጃንሆይ» አለች፤ ሲጠይቋትም «እርስዎ» እያለች መለሰች። ንጉሡ ወደዷት። ማር አስቀረቡላት።

በማግስቱ ምክትል ዳይሬክተሩ ቢሯቸው አስጠሩን። የዳባት ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸውን የማያነሡ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ። የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምሩን እሳቸው ነበሩ። ታሪኩን እንደ ወደዱት ነገሩን። ያላማራቸው አንድ ነገር ነው፤ የእኛ ዘመን ልጅ ለፊውዳል ንጉሥ ለምን ታጎነብሳለች? ቀና ብላ «አንተ» ትበለው አሉ። የመሪጌታ ልጅ እንዲህ ካለች ንጉሡ ዝም እንደማይሏት በትሕትና አስረዳች።

«እሱ የንጉሡ ጉዳይ ነው» አሉን።

ታዘዝን። በአራተኛው ክፍል ልጅቱ ንጉሡን «አንተ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ልለውጠው አልቻልሁም፤ በዚያ ዘመን ንጉሥን «አንተ» ያለ ሰው ማር አይቀርብለትም። ታሰረች። መሪጌታው እንደ ነገሩን ያን ጊዜ እስረኛ የሚታሰረው ከጠባቂው ጋር በአንድ ሰንሰለት፣ እጅ ለእጅ ነው። ቁራኛ የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ ከአንድ ወሬ ከማይጠግብ ወታደር ጋር አቆራኘናት። በሚቀጥለው ገበያ የምናስፈታት መስሎን ነበር።

አልሆነም። ሩብ ሰዓቷ ለሚመጣው በዓል የመዝሙር ልምምድ እንድትውል ተወሰነ፤ ታሪኩም በዚያው እንዲበቃው ተነገረን። አንድ ሩብ ሰዓት ብቻ እንዲሰጡን ምክትል ዳይሬክተሩን ለመንሁ፤ አልሰጡኝም። ልጅቱ ከነሰንሰለቷ ልትቀር ነው። የመሪጌታ ልጅ እኔ እንዳሰርኋት ሁሉ አኮረፈችኝ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን የበሩ ዘበኛ ወደ ቢሮ ሮጠ። አንዲት ባልቴት የጠፋች የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እያፈላለጉ ነው አለ። ምክትል ዳይሬክተሩ ደነገጡ። ደወል ተደወለ፤ ስምንተኛ ክፍል በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰለፍን፤ ስማችን ተጠራ። የጎደለ የለም። እንደገና ተጠራ። አሁንም የለም።

ባልቴቷ የገብስ ስልቻቸውን ደገፍ ብለው ይህን ሁሉ ያያሉ። ከቡይት ራስ ወዲህ ካለ መንደር ነው የመጡት። ምክትል ዳይሬክተሩ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ቀረቡ።

«መቼ ነው የጠፋችው እማማ?»

«የጠፋችውማ ቀደም ብላ ነው፣ በጉም። ባለፈው ገበያ ግን ታሰረች።»

«ማን አሰራት?»

«ንጉሡ ነዋ።»

ከኋላዬ አንዱ ሳቁን በእጁ አፈነ። ምክትል ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አጠፉ። ነገሩ ተማሪዎች የፈጠሩት ታሪክ እንደ ሆነ፣ የጠፋች ልጅ እንደሌለች፣ ቀስ ብለው አስረዷቸው።

«ተረት መሆኑንማ አውቃለሁ ልጄ» አሉ ባልቴቷ። «ተረትስ ቢሆን፣ የሰው ልጅ በሰንሰለት ትቅር?»

ከገበያ የሰሙትን ማታ ማታ ለጎረቤት እንደሚያወሩ፣ አሁን መንደሩ ሁሉ «ልጂቱ ምን ደረሰች?» እያለ መግቢያ መውጫ እንዳሳጣቸው ተናገሩ። ደግሞም አንድ ያልገባቸው ነገር ነበር።

«ደኅና ጃንሆይ፣ ጃንሆይ ስትል ነበር። ማን ነው አንተ በይው ያላት?»

ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ከመሪጌታ ልጅ በቀር፤ እሷ ምክትል ዳይሬክተሩን ነው የምታየው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«አንተ? እኔን እማማ፣ እርስዎ የምትለኝ? አንተን እንዲህ ጨዋ አድርገው አሳድገውህ የሰው ልጅ ታስነውራለህ?»

ምክትል ዳይሬክተሩ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። የአንገታቸውን ቁልፍ ፈቱና ገበያው ሳይበተን ልጅቱን እንድናስመጣት አዘዙ።

ቢሯቸው ገባን፤ ባልቴቷም ሳይጠሩ ገቡ። ምክትል ዳይሬክተሩ ገበሬው ተነሥቶ በኃይል ያስፈታት የሚል ሐሳብ አመጡ። ባልቴቷ ለአንዲት ልጅ ያን ሁሉ የሰው ነፍስ ማስፈጀት ነውር ነው፣ ይቅርታ ትበልና ትምጣ አሉ። ይቅርታውን ምክትል ዳይሬክተሩ አልተቀበሉም። እኔ ጉሙን መልሼ ላምጣው ስል የመሪጌታ ልጅ አቋረጠችኝ።

«ጉም ሰንሰለት አይፈታም» አለችና እርሳሱን ከእጄ ወሰደች።

የጻፈችውን ምክትል ዳይሬክተሩ ሁለቴ አነበቡት። የሚሰርዙት ፈለጉ፤ አጡ።

መዝሙሩ ለሌላ ቀን ተላለፈና ማጉያው ተከፈተ። ልጅቱን ሰንሰለቷን እየጎተተች ንጉሡ ፊት አቀረቧት። ወሬኛው ወታደር አማለዳት፤ «ጃንሆይ፣ ስድብ አይደለም፤ የአገሯ ልማድ ቢሆን ነው» አለ።

«በአገርሽ ሹማችሁን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?» አሏት ንጉሡ።

«ጓድ እንለዋለን።»

«ጓድ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ባልንጀራ።»

«ባልንጀራ ካደረግሽኝማ፣ ሰው ባልንጀራውን አያስርም። ፍቱልኝ» አሉ ንጉሡ።

የገበያው መንገድ ቆሞ ነበር። አንድ የጨው ነጋዴ አህዮቹ ሲያልፉት አልተከተላቸውም። የመሪጌታ ልጅ ድምፅዋን ሳታፈጥን ልጅቱን ወደ ጉሙ አወጣቻት፤ ከጉሙ አውርዳም እናቷ ደጅ አደረሰቻት። «ተፈጸመ» አለች።

«እህሉስ? በልታለች?» አሉ ባልቴቷ፤ ለመስማት ከአጥሩ ውጭ ወጥተው ነበር።

ማጉያው ገና አልተዘጋም። ወረቀቱን አየሁት፤ ስለ እህል የተጻፈ የለም። የመሪጌታ ልጅ እኔን አልጠየቀችኝም።

«እናቷም ትኩስ የገብስ ቂጣ በቅቤ አቀረበችላት፤ ጠግባ በላች» አለች።

ባልቴቷ ስልቻቸውን ተሸከሙና ለመንደራቸው ሊያወሩ ወደ ቡይት ራስ መንገድ ወጡ።