በነሻ የደፈረሰ ውሃ

ያን ምሽት ዶሃ፣ አል ሰድ ሰፈር፣ መዋኛው ዳር የነበርነው ጥቂት ነን። የቤቱ ጌታ ባባ፣ ሚስቱ ማዳም፣ ሦስት የመርከብ ሥራ እንግዶች፣ የባባ ቴክኒሻን ጋሽ ዘሪሁን፣ የሻይ ትሪ ይዤ የቆምኩት እኔ። የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ምክንያቱን የምናውቀው ግን ሁለት ነን።

ያስታወሰችኝ ልጄ ቤዛ ናት። ባለፈው ሳምንት በስልኳ ጠላቂዎች ባሕር ውስጥ ያለ ሽቦ፣ በሰማያዊ ብርሃን ሲነጋገሩ አሳየችኝ።

"እማዬ፣ አይገርምም? አዲስ ነገር እኮ ነው!"

"አዲስ አይደለም" አልኳት። አልሰማችኝም፤ በግራዋ ነበር የተቀመጥኩት። ግራ ጆሮዋ አይሰማም። ዞሬ በቀኟ ተቀመጥኩና ሌላ ወሬ አነሳሁ።

ዶሃ የሄድኩት በኛ አቆጣጠር በ1990 ግድም ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቤዛን በሁለት ዓመቷ ለእናቴ ትቼ። ባባ መርከብ ሥር ገብተው የሚጠግኑ ጠላቂዎች ነበሩት። ውሃ ውስጥ ያለው ሰው ላይ ካለው ጋር የሚነጋገረው ገመድ እየጎተተ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከተጎተተ ደህና ነኝ፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ አውጡኝ። ጋሽ ዘሪሁን ይህን ሊያስቀር ሁለት ሣጥን ሠራ፤ አንዱ መብራት ያለው፣ ሌላው ብርሃን የሚቀበል። የሚሞክረው እኛ ግቢ መዋኛ ውስጥ ነበር። እኔ ደግሞ ከጦዙ፣ ከአሸዋ ነፋሱ፣ በኋላ ውሃ ላይ የተኛውን አቧራ በመረብ እገፋለሁ።

"ሬዲዮ ውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም ብርቄ" አለኝ አንድ ቀን። "ብርሃን ግን ይሄዳል። ስትናገሪ መብራቱ ይርገበገባል፤ ዓይንሽ አይለየውም። ያኛው ሣጥን መርገብገቡን ተቀብሎ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል።"

"እምቢ ካለስ?"

"ውሃው ከደፈረሰ እምቢ ይላል። ስለዚህ አለቃዬ አንቺ ነሽ።"

ማይክራፎኑን ሰጠኝ። ምን እንደምል ጨነቀኝና "ቤዛ" አልኩ። ከወዲያኛው ዳር፣ ከድምፅ ማጉያው፣ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ሰው ቀጥና "ቤዛ" የምትል ድምፅ ወጣች።

"ይኸው ልጅሽ ዋና ቻለች!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "በእንግዶቹ ፊት ከተሳካ ባባ ሚስቴን ሊያስመጣልኝ ቃል ገብቷል" አለኝ።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ጠዋት፣ ለባባ ንጹሕ ሻሽ ላወጣ መሳቢያውን ከፈትኩ። ከሻሾቹ ሥር ስሜ የተጻፈበት ፖስታ አገኘሁ። ተከፍቷል። ያለኝ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። እናቴ ለጎረቤት ልጅ ነግራ ያስጻፈችው ነው። ቤዛን ጆሮዋን አሟታል፣ መግል ይወጣታል፣ አዲስ አበባ እንውሰዳት ወይስ ጠበል ይሻላል፣ ያላንቺ ቃል አንወስንም፣ ቶሎ መልሽልን ይላል። ከመጣ አርባ ቀን አልፎታል።

ማዳም ፊት ይዤው ቆምኩ። "ባባ ነው ያስቀመጠው" አለችኝ ሳታፍር። "ሐሳብ ገብቶሽ ሹግል፣ ሥራሽ፣ እንዳይበላሽ። ከእንግዶቹ በኋላ ይሰጥሽ ነበር። ያላ፣ ሩዙን እዪው።"

ሩዙን አየሁት። የደረቀ ሎሚና ቀረፋ ጨመርኩበት። የሰው ድምፅ በውሃ ውስጥ አሻግራለሁ ብሎ የሚኩራራ ሰው የልጄን ሕመም ሻሽ ሥር ቀብሮታል! ምን እንደማደርገው እያሰብኩ ሳለ የባባን ነጭ ልብስ የማጠነክርበት ነሻ ታየኝ፤ እኛ አሚዶ የምንለው። ሁለት ካርቶን ነበር።

ጋሽ ዘሪሁን አሥር ሰዓት ላይ ሞክሮ፣ ሠርቶለት፣ እየፎጨ ልብሱን ሊቀይር ሄደ። እንግዶቹ ሲበሉ ነሻውን በባልዲ በጥብጬ፣ አራት ጊዜ ተመላልሼ መዋኛው ውስጥ ደፋሁት። የሚስቱን ነገር ረሳሁት ብል ውሸት ነው። አልረሳሁትም። አለፍኩት።

ፀሐይ ገባች። ሌላ ብርሃን እንዳይረብሽ የግቢው መብራት ጠፍቶ ስለነበር የውሃውን መልክ ማንም አላየም። ጋሽ ዘሪሁን ማይክራፎን ያለበትን ጭንብል አጥልቆ፣ መብራቱን ይዞ ገባ። ባባ ለእንግዶቹ "አሁን ከውሃው ውስጥ ሰላም ይላችኋል" አለ። ድምፅ ማጉያው እንደ መጥበሻ ብቻ ይንጫጫል። ባባ ሣጥኑን መታው። አንዱ እንግዳ "ዓሣ እየጠበሳችሁ ነው እንዴ?" ሲል ሌሎቹ ሳቁ። የባባ አንገት ሲቀላ ትሪዬን አጥብቄ ይዤ አየሁት። ደስታዬ ወተት ሆኖ ነው በጉሮሮዬ የወረደው።

ጋሽ ዘሪሁን ወጣ። ጣቶቹን እርስ በርስ አሻሻቸው፤ ያሟልጫል። ቀና ብሎ አየኝ። ቀሚሴ ጫፍ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር ነበር። ዓይኑ እዚያ ላይ ቆየ።

"ውሃው ምን ሆኗል?" ብሎ ጮኸ ባባ።

"ውሃው ደህና ነው" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው። መብራቱን በደንብ አልሠራሁትም።"

"ኸላስ! ከዚህ ቤት ውጣ!"

እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ በአጠገቤ ሲያልፍ "ለልጅሽ ደውዪ" ብቻ አለኝ። የደብዳቤውን ነገር ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ጠዋት ከማዳም ጋር ስንነጋገር ሰምቶ ይሆናል። በማግስቱ ደወልኩ። የአንድ ጆሮዋ ነገር አብቅቶ ነበር።

ባባን ይቅር አላልኩትም። ንስሐ አባቴ ስንት ጊዜ መከሩኝ፤ ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ዛሬም አንጀቴ ይርሳል። ያ ነሻ ባባን ብቻ የሚጎዳ ቢሆን ኖሮ አሁንም ደግሜ እደፋው ነበር።

ጋሽ ዘሪሁን ረዥም፣ ከቀኝ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ያኔ አል ዋክራ፣ የዓሣ አጥማጆቹ ወደብ አጠገብ ይኖር ነበር። በሕይወት መኖሩን፣ ሚስቱም መጥታለት እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።