ልጆች ለምን እንደሚያነቡ የጠየቅኩበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ ላይ ለመምህራን ሥልጠና ስሰጥ፣ በዕረፍት ሰዓት አንዲት ወጣት መምህርት የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ።

«ዶክተር፣ የማንበብ ፍላጎት ከየት እንደሚመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባዎት መቼ ነው?»

ጎደሬውን እየላጥኩ ትንሽ አሰብኩ። ስለ ጉዳዩ የተጻፈ ብዙ ነገር ልነግራት እችል ነበር። ትዝ ያለኝ ግን ከቦንጋ ወደ ደካ የሚወስደው የገጠር መንገድ ነው።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ቦንጋ ሲሆን አዲስ አበባ ሄጄ ሥነ ልቦና ተማርኩ፤ ከዚያ ለዶክትሬት ጥናት የሚሆን የገንዘብ ድጋፍ አገኘሁ። ድጋፉ የወር አበሌንም የመስክ ወጪዬንም ይሸፍናል። ርእሴ «ልጆችን ለማንበብ የሚያነሣሣቸው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። የድጋፉ ደብዳቤ በደረሰኝ ቀን ለማን እንደምናገር ጠፍቶኝ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ለተቀመጠው ጥበቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። እሱም ምኑም ሳይገባው ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝና «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ።

አባቴ ግን በቀላሉ የሚደነቅ ሰው አልነበረም። ዕድሜውን በሙሉ በጽሕፈት ቤት የሠራ፣ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ የሚያነብ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን እንኳ ዘርግቶ የሚያይ ሰው ነበር።

«ለማንበብም ዶክተር ያስፈልጋል እንዴ?» አለኝ።

«አባባ፣ አንዱ ልጅ መጽሐፍ ሲያይ ደስ የሚለው፣ ሌላው የሚሸሸው ለምን እንደሆነ ነው የማጠናው።»

«አንቺን ማን አስገድዶሽ ነው ያነበብሽው?»

ሳቅኩና አለፍኩት። ቆም ብዬ ባስብበት ኖሮ ብዙ ወራት ይተርፉልኝ ነበር።

ጥናቴን በቦንጋ ሁለት ትምህርት ቤቶች ጀመርኩ። በአንደኛው ልጆቹ አንድ መጽሐፍ አንብበው ካርድ ሲሞሉ እስክሪብቶ ወይም ደብተር ይሸለማሉ፤ በሌላኛው የማንበቢያ ጊዜ ብቻ ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያው ወር ሽልማት ያለበት ቤተ መጻሕፍት መቀመጫ ጠፋበት። ልጆች መስኮቱ ላይ ተቀምጠው ካርድ ይሞሉ ነበር። እኔም ካርዶቹን በጎማ አስሬ ስደረድር ከአሁኑ የተመረቅኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሳምንቱን ሰባተኛ ካርዷን ይዛ መጣች።

«ከሰባቱ የትኛውን ወደድሽው?» አልኳት።

«ቀጭኑን።»

«ስለ ምን ይተርካል?»

ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች። «ስለ ብዙ ነገር» አለችኝ።

ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ቀጫጭኖቹ መጻሕፍት ጥጋቸው ተበልቷል፤ ወፈር ያሉትን ግን የነካቸው የለም። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚመጣው እስክሪብቶ ሁለት ሳምንት ዘገየ። ሰኞ ጠዋት ስገባ ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ነው፤ ሠራተኛዋ እትዬ ብርሃኔ ብቻቸውን ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ።

«ልጆቹስ?»

«እስክሪብቶ መጥቷል ወይ ብለው ጠየቁና ሄዱ» አሉኝ፣ ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ።

ድጋፉ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲታደስ የሂደት ሪፖርት ማቅረብ ነበረብኝ። የቀረኝ አንድ ወር ነው። አማካሪዬ ንግግር የማያበዙ፣ ተማሪን በማድነቅ የማይታወቁ ፕሮፌሰር ነበሩ። ስልክ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«የማይሠራውን አግኝተሻል፤ ይህም ውጤት ነው» አሉኝ። «ኮሚቴው ግን የሚሠራውን ይጠይቅሻል። እሱን ይዘሽ ነይ።»

ከየት ነው ይዤ የምመጣው? ሦስት ቀን ቤት ተቀምጬ ከሰው ጋር ሳልነጋገር ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገብቼ ስለ ችግሬ ሳወራ አንድ ባለሙያ ሳቅ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «አንቺ አንባቢ አጣሁ ትያለሽ፤ ደካ አካባቢ ያሉ አንድ መምህር ደግሞ መጽሐፍ ላኩልኝ እያሉ ቁም ስቅላችንን ያሳዩናል። ልጆቼ ጨረሱብኝ ይላሉ።»

በማግሥቱ ጠዋት ጭነት መኪና ላይ ነበርኩ።

ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ዝናቡ ገብቷል። ጫካው ከግራና ከቀኝ መንገዱ ላይ ይንጠባጠባል፤ መኪናው በየዳገቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ቁርስ ላይ በቆጮ የበላሁት ማር ጣቴ ላይ ደርቆ ደብተሬ እየተጣበቀብኝ አስቸገረኝ። ከቀትር በፊት መኪናው ጎማው እስኪሸፈን ጭቃ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ወርዶ አየውና «ዛሬ የሚወጣ አይመስለኝም» አለኝ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩና ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር በእግሬ ቀጠልኩ። የት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ በካፍኛ ነገርኳቸው። «ልጆች ሲያነቡ ልታይ ይህን ሁሉ መንገድ?» ብለው እርስ በርስ ተያዩ።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ ርእሰ መምህሩ እግሬን እያዩ ውኃ አስመጡልኝ፤ ከዚያ ወሬውን ነገሩኝ።

«ሊያገኟቸው የመጡት መምህር ጋሽ ወዳጆ ጉንፋን ጥሏቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ምትክ የለንም፤ ልጆቹም ወደ ቤት ሳይሄዱ አልቀሩም።»

እውነትም ከቢሮው ሆኜ ሳዳምጥ፣ ከሚያስተምሩበት ከአምስተኛ ክፍል ምንም ድምፅ አይሰማም። መምህር የሌለው ክፍል ምን እንደሚመስል ስለማውቅ እኔም ሄደዋል ብዬ አመንኩ። ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ መጣሁ እያልኩ፣ እንዲያው ክፍሉን እንኳ ልየው ብዬ በሩን ገፋ አደረግኩ።

ሞልቷል። ስልሳ የሚሆኑ ልጆች ዴስኮቹን ገፍተው መሐል ላይ ተጨናንቀዋል፤ ከኋላ ያሉት ዴስክ ላይ ቆመዋል። መሐላቸው አንዲት ልጅ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዛ በአማርኛ ታነባለች። ታሪኩ ጭነቷን እንደያዘች ስለጠፋች በቅሎና በዚህ የተነሣ ስለተካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ልጅቷ ከበድ ያለ ቃል ሲገጥማት ትቆማለች፤ ከአንዱ ጥግ አንዱ በካፍኛ ይተረጉመዋል፣ ሌላው አይደለም ብሎ ያርመዋል፣ ይስማሙና ንባቡ ይቀጥላል። የሚቆጣጠራቸው ሰው አልነበረም። የሚሞሉት ካርድም፣ የሚሸለሙት ነገርም የለም።

«ደህና ዋላችሁ» አልኩ።

በሩ አጠገብ የነበረች ልጅ ክንዴን ያዝ አድርጋ «እትዬ፣ ትንሽ ይጠብቁ፤ በቅሎዋ ልትገኝ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

ጠበቅኩ። ጥቂት ቆይቼ እኔም እንደ እነሱ አንገቴን አስግጌ እሰማ ጀመር፤ ደብተሬን ማውጣት ረስቼ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወዳጆን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጋቢ ተከናንበው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ጸጉራቸው ሸብቷል፣ ድምፃቸው ጎርንኗል። ማን እንደሆንኩና ምን እንዳየሁ ነገርኳቸውና ብዕሬን አዘጋጅቼ ዘዴያቸውን ጠየቅኩ።

«የምን ዘዴ?»

«ልጆቹ እንደሚሉት በየቀኑ ያነቡላቸዋል፤ ነገሩ ሲጥም ደግሞ ያቆማሉ። እንዲጓጉ ብለው ነው?»

«ደወሉ ነው እንጂ የሚያስቆመኝ» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው። ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ለመሆኑ የት ደርሰዋል?»

«በቅሎዋ ልትገኝ ነው።»

«አልፈውኛላ» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ንዴት የእውነት ነበር። «እኔ ከወንድማማቾቹ ክስ አላለፍኩም። መጽሐፉን ለልጆቹ ትቼው ነው የመጣሁት።»

«መጨረሻውን አያውቁትም?»

«ከየት አውቃለሁ? አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለን፤ አብረን ነው የምናነበው። አደራ፣ እንዳትነግሪኝ።»

ብዕሬን አስቀመጥኩት። ስድስት ወር ሙሉ ልጆቹ እጅ ላይ ምን ላስቀምጥ ስል ኖሬያለሁ። አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው ምን እንደሚሰማው ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ነበር። እያለከለክሁ ወጥቼ ፕሮፌሰሩ ጋ ደወልኩ፤ የሆነውንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

«እና መጨረሻው ምን ሆነ?» አሉኝ።

«የጥናቱ?»

«የበቅሎዋ።»

በሪፖርቱ ቀን ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ይህ ጥሩ ወሬ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ድጋፉን ለዓመት ሳይሆን ለስድስት ወር አደሱልኝ። እስከ ዋጫና ቢታ ገነት ከተሞች ድረስ ሄጄ በአራት ትምህርት ቤቶች መምህራን ራሳቸው ያላነበቡትን መጽሐፍ ከልጆች ጋር እንዲያነቡ አደረግኩ። በሁለቱ ልጆቹ መጽሐፍ መዋስ ጀመሩ። በአንደኛው ለውጥ አላየሁም። በአራተኛው መምህሩ ንባቡን ለአለቃው ሲል ብቻ እንደሚያነብ ልጆቹ በሳምንቱ ስለገባቸው ነገሩ እዚያው ቀረ። ሁሉንም እንዳየሁት ጻፍኩ፤ ተመረቅኩም። ጋሽ ወዳጆ የጥናቱን ቅጂ ስልክላቸው፣ ታሪክ ስለሌለው መሐሉ ላይ እንዳቆሙት በሰው ላኩብኝ።

ዛሬ ብዙ መምህራን አንድ አጭር መመሪያ እንድሰጣቸው ይጠይቁኛል። ፍላጎትን በመመሪያ ማዘዝ እንደማይቻል እያወቅኩ እንኳ ባዶ እጃቸውን ልሸኛቸው አልችልም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንትም ለዚያች ወጣት መምህርት እንደ ሁልጊዜው ነገርኳት፤ ከልጆቹ ጋር የምታነቢውን መጽሐፍ አስቀድመሽ እንዳትጨርሺው አልኳት። የቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ከተማሪዎቿ ጋር የምታነበውን መጽሐፍ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ገና የትኛው ገጽ ላይ እንዳለች አሳየችኝ።