የእማዬ ዘጠና

እናቴ የልብ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት፣ ሲኤምሲ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ልጄን ሳሮንን ጠርታ «እስቲ ዳዊቴን ድገሚልኝ፤ ዘጠናን» አለቻት። ሳሮን ታዛዥ ልጅ ናት። ስልኳን ከፍታ፣ መዝሙር ዘጠና የሚለውን ነክታ፣ ዜና አንባቢ በሚመስለው ድምጿ ጀመረችላት። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ በጆሮዬ ስከታተል፣ የሰው ዕድሜ ሰባ፣ ቢበረታ ሰማንያ እንደሆነ የሚናገረው ቦታ ላይ ስትደርስ ቢላዋውን ጥዬ ሮጥኩ፤ ግን አልደረስኩም። እናቴ ሰባን ካለፈች ቆይታለች። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ «እሺ፣ ሰምቻለሁ። ለሐኪሙ ቀርቷል በሉት፤ መልሴ መጥቶልኛል» አለች።

እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? ወራት ለምነን፣ አስለምነን፣ የንስሐ አባቷን ሳይቀር አስመክረን እሺ ያሰኘናትን ሴትዮ አንድ ቁጥር ከእጃችን አስወጣብን። ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ ያላት የግዕዙ ዳዊት ነው፤ እዚያ ዘጠነኛውና አሥረኛው መዝሙር እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር በአንድ ያንሳል። የእሷ ዘጠና ስለ እግዚአብሔር ጥላና ከለላ የሚናገረው፣ ለታመመና ለመንገደኛ የሚደገመው ነው። በሳሮን ስልክ ያለው ትርጉም ግን በሌላ አቆጣጠር ስለሚሄድ እሱን ዘጠና አንድ ይለዋል፤ ዘጠና ያለው ደግሞ ያንን ስለ ዕድሜ ማጠር የሚያወራውን ነው። ይሄን ሁሉ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ጣቶቼን እያጠፍኩ አስረዳኋት። «ዳዊት ቁጥር ይሳሳታል?» አለችኝ። አይሳሳትም እማዬ፣ የተምታታብን እኛ ነን ብላት፣ «እንግዲያው ራሱ ነው የነገረኝ» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ደሜ ፈላ። በማን እንደምናደድ እንኳ ጠፋኝ፤ በተርጓሚዎቹ ነው፣ በስልኩ ነው፣ በልጄ ነው? ሁሉም በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ ይበልጥ የሚያናድደውም እሱ ነው።

በልጅነታችን እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረብንም። ቤታችን ገርጂ ነበር፤ ዛሬ ኢምፔሪያል አካባቢ መኪናው ተጠላልፎ እግረኛ ከሚኒባስ ይቀድማል፣ ያኔ ግን ከጓሮአችን ወዲያ ማሳ ነበር፣ ክረምት ሲሆን የእርጥብ ሣርና የጭቃ ሽታ በቆርቆሮው አጥር ሽንቁር ሰተት ብሎ ይገባል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከሽሬ ስትመጣ ዳዊቱን የያዘችው በጭንቅላቷ ነው፤ መሪጌታ የነበሩት አጎቷ ሲደግሙ እየሰማች ያጠናችው። እኛን ልጆቿን በየጠዋቱ ዩኒፎርማችንን አልብሳ፣ ፊታችንን በቫዝሊን አብለጭልጫ፣ ሻዩ ከመቀዳቱ በፊት አቁማ ያንን ዘጠናዋን በግዕዝ ታስብለናለች። አንዲት ቃል አይገባንም። ወንድሜ ፍጹም ቆሞ እያንቀላፋ እንኳ አይሳሳትም ነበር። እኅቴ ሰናይት ለቁርሷ ስትጣደፍ ደግሞ እናቴ «ማን ያባርርሻል?» ትልና ከመጀመሪያው ታስጀምረናለች፤ በሰናይት ሆድ ምክንያት ሁላችንም አርፍደን ትምህርት ቤት አንበርክከውናል፣ እስከ ዛሬም አልረሳሁላትም። አጥር የሚለየን ባለሱቅ፣ ከወሎ የመጡት ጋሽ እንድሪስ፣ ድምፃችን ሲያልቅ ዳቦአችንን በጋዜጣ ጠቅልለው ብቅ ይላሉ። አንድ ቀን እናቴ ጓሮ ስትሆንልን በወንድሜ በፍጹም አስተባባሪነት መሐሉን ዘለን፣ ደስ ብሎን እየተገፋፋን ብንሄድ፣ ጋሽ እንድሪስ በመስኮታቸው አንገታቸውን አውጥተው «ዛሬ ምነው አሳጠራችሁት? ሂዱና ጨርሱ፣ ዳቦው ይጠብቃችኋል» ብለው መለሱን። በሰው ሃይማኖት ምን አገባቸው ብለን ተነጫነጭን እንጂ፣ ተመልሰን ጨረስነው።

ከዚያ አደግንና ማወቅ መጣብን። ፍጹም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጴንጤ ሆነ፤ በዘመኑ አማርኛ የተተረጎመውን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ይዞራል፣ እኛን ሲያይ ያዝንልናል። ሰናይት ቦሌ በውጭ ድርጅት ስትሠራ ሁሉ ነገሯ እንግሊዝኛ ሆኖ ጸሎቷም አብሮ ሄደ። እኔ የቀድሞውን አማርኛ ሙጥኝ አልኩ፣ ከሱ ወዲያ ያለ ሁሉ ውሃ የበዛበት ወጥ ይመስለኛል። በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮው እየቀዘቀዘ፣ አንዱ «የእኔ እንዲህ ይላል» ሌላው «የእኔ እንዲያ ይላል» እያልን ስንነታረክ፣ እናቴ እንጀራ እያጠፈች ትሰማናለች፣ አንድም ቀን ጣልቃ ገብታ አታውቅም። አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፤ ያን ሁሉ ስንከራከር የእሷን ምን ይላል ብሎ የጠየቃት የለም።

እምቢታዋን ሰምቶ ፍጹም በዚያ ትራፊክ ከአትላስ በርሮ መጣና፣ ዘጠና አንድን ከራሱ ትርጉም በሚያምር ድምፅ አነበበላት። እንግዳ እንደምታስተናግድ ሆና በትሕትና አዳመጠችው። «ደግ ነገር ነው ልጄ። የማን ነው?» አለችው። ፍጹም ፊቱ ቀላ። እኔ ከእኔው ሞከርኩ፤ ራሷን ነቀነቀች። ትዕግሥቴ አልቆ «እሺ፣ አንቺው በይው!» ብዬ ጮህኩባት። ዓይኖቿን ጨፍና ጀመረች፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ እያረፈች፣ በግዕዙ እስከ መጨረሻው ወረደችው። ስትጨርስ ዓይኖቿን ገልጣ ሳሮንን አየቻት። «ያንቺው ይሄ አልነበረም» አለች። አልነበረም እማማ፣ አለች ሳሮን፣ እያለቀሰች። «እንግዲያው ለሐኪሙ እመጣለሁ በሉት።»

ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲያስገቧት «በሉ እናንተ ደግማችሁ ጠብቁኝ» አለችን። በሩ ተዘጋ። ሦስታችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን በግዕዙ ጀመርን፤ መጀመሪያው አብሮን ወጣ፣ ከዚያ ሰናይት ቆመች፣ ቀጥሎ እኔ፣ ፍጹም ትንሽ ሄዶ እሱም ጠፋው። ስልካችንን አወጣን። አንዱ በአዲሱ አማርኛ፣ አንዷ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በቀድሞው፤ አንዳችን ስንጨርስ ሌላችን መሐል ላይ ነን፣ ቃሉ ከቃል እየተጋጨ ከገበያ ጫጫታ የማይሻል ሆነ። አፈርንና ስልኮቻችንን ዘጋን። እያንዳንዳችን የምናነበው ጥርት ብሎ ይገባናል፤ ምንም በማይገባን ጊዜ ግን ሦስት ልጆች አንድ አፍ ነበርን፣ ጎረቤት እንኳ የጎደለችውን ያውቅብን ነበር። እንባዬ መጣ፣ ከእናቴ ይልቅ ለእኛ።

ተሳክቶ ወጣች። ሐኪሙ ደህና ናት ሲለን ተቃቀፍን። ወደ ማታ ገባ ብለን እንድናያት ሲፈቅዱልን፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗን በግድ ከፍታ ተራ በተራ አየችን።

«ደገማችሁልኝ?» አለች።

«አዎ እማዬ፣ ሁላችንም» አላት ፍጹም።

«አብራችሁ?»