ጡት ላሠራ ሄጄ ያወቅሁት የእናቴ ምስጢር

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም።

ካዛንቺስ ቢሮ ውስጥ የምሠራ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነኝ። ደረቴ ከልጅነቴ ጠፍጣፋ ነው፤ ቀሚስ በለበስኩ ቁጥር መስታወት ፊት ቆሜ እናደዳለሁ። ጡት በቀዶ ሕክምና ማሳደግ እንደሚቻል ከሰማሁ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀረ። ለማንም ሳልናገር ኦሎምፒያ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ።

ሐኪሟ መጠን ታስመርጠኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ መስማት የማልፈልገውን ሁሉ ነገረችኝ። የሚገባው ነገር ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ አንድ ቀን መውጣት ወይም መቀየር ይኖርበታል። ጡት ማጥባት ሊያስቸግር፣ የጡት ጫፍ ስሜት ሊቀንስ ይችላል። የጡት ራጅ ሲነሱም አጥርቶ ማየት ይከብዳል። ቀጥላ በቤተሰብ የጡት ካንሰር የያዘው ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ሳላቅማማ የለም አልኳት።

«ማንን ጠይቀሽ ነው?» አለችኝ።

ማንንም ጠይቄ አላውቅም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በኛ ቤት ግን እንዲህ ያለ በሽታ በስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ሰው ሲሞት እንኳ «ታሞ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሐኪሟ እናቴን ሳልጠይቅ እንዳልመለስ ነግራ አሰናበተችኝ።

ላንቻ ከእናቴ ጋር የምንኖርበት ቤት እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ውሸት ስፈጥር ነበር። እናቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ውሸት ከሩቅ ይሸታታል። ስገባ ልብስ ታጣጥፋለች። የመሥሪያ ቤት የጤና ምርመራ አለ ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለት ጥያቄ ሳትጨርስ ተያዝኩ። እውነቱን ዘረገፍኩትና አንገቴን ደፍቼ ቁጣዋን ጠበቅሁ።

አልተቆጣችም። ተነሥታ በሩን ዘጋችና የሹራቧን ቁልፎች ፈታች። ከጡት መያዣዋ ውስጥ በጨርቅ የተሰፋ ጥጥ አወጣች። ግራ ጡቷ የለም። በቦታው እስከ ብብቷ የተጋደመ ጠባሳ ብቻ ነበር።

ሰባት ዓመቴ ላይ፣ እናትሽ ጠበል ሄዳለች ተብዬ አክስቴ ቤት መክረሜ ትዝ አለኝ። ለካ ሆስፒታል ነበረች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጥጧን እየሰፋች ተማሪዎቿ ፊት ቆማ አስተምራለች፣ እኔን አሳድጋለች፣ ሰርግ ላይ ጨፍራለች። በአንድ ጣራ ሥር እየኖርኩ ምንም አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ፤ ግን ከሐዘኔ ይልቅ መደነቄ ይበልጥ ነበር።

ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኋት። «ያኔ ልጅ ነበርሽ፤ እናቴ ልትሞትብኝ ነው ብለሽ እንዳትሰጊ ነው» አለች፤ በኋላ ደግሞ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋት። ነገውኑ ሄጄ እንድመረመር አዘዘችኝ። ከዚያ ቁልፎቿን ስትቆላልፍ ቆየችና፣ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር

«ያቺ ሐኪም እንደኔ ላለችውስ ትሠራለች?» አለችኝ።

ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ ቅብጠት ትለዋለች ብዬ ነበር የፈራሁት።

ተመረመርኩ፤ ለጊዜው ምንም አልተገኘብኝም፤ በየዓመቱ ግን መታየት አለብኝ። የራሴን ነገር በይደር አቆይቼዋለሁ። እናቴ ግን ይቻላል ተብላ ቀጠሮ ይዛለች፤ ከክሊኒኩ ሲደወል ከኔ ቀድማ ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያት የኖርኩትን ሴት ገና አሁን የተዋወቅኋት ያህል ይሰማኛል።